የማር መሪዋ ድርሻ

በጠባሴ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ደኑ ነው።

«ደኑ እንዴት አደረ?»

«ተመስገን፣ በዕረፍት አደረ።»

የልጅ፣ የጤና፣ የሥራ ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሰላምታው መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። የአፋፉ ጥብቅ ደን ለሰው ከተዘጋ ወዲህ ደርቀው የነበሩት ምንጮች አንድ በአንድ እንደተመለሱ ግን ደብረ ብርሃን በሙሉ ያውቃል። የሚጠጣው ውሃ ከዚያ ተስቦ የሚመጣ ነው። ደኑ በዕረፍት ካደረ ቧንቧው ይሰጣል፤ ስለዚህ ሰላምታው ከአንገት በላይ አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ከየቤቱ ግድግዳ የደኑ ድምፅ ይለቀቃል። በየዛፉ ላይ የተሰቀሉት ጆሮዎች የሰሙትን ነው የሚልኩት፤ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ጉም፣ የጉሬዛ ጉርምርምታ፣ የወፎች ጫጫታ። ሰው ፊቱን እየታጠበ፣ ቁርሱን እየቀማመሰ ይሰማል። ግድግዳው መዝጊያ የለውም፤ ይኑረው ብሎ የጠየቀም የለም። ሕፃናት ወፎቹን በቁጥር ያውቋቸዋል። «አርባ ሁለት ዛሬ አረፈደች» ይባባላሉ ቦርሳቸውን እያነገቱ። አርባ ሁለትን በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላቸው የለም።

ወደ ደኑ የሚገባው በእጣ ነው። ከእያንዳንዱ ህንጻ በዓመት አንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ የሚያስመዘግብ ወላጅ አለ። ስሙ ሳይጠራ የተቀበረ ደግሞ ስንትና ስንት ነው።

ዘንድሮ ለሰባተኛው ህንጻ የወጣው ስም ሜላት ይታገሱ የሚል ነበር።

ሜላት የመናኸሪያ ሰው ናት። የዕድሜዋን እኩሌታ የጠባሴ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ፊት ተቀምጣ «ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋ ሮቢት፣ የቀረ መንገደኛ!» ስትል ኖራለች። አውቶቡሶቹ ድምፅ አልባ ከሆኑ ወዲህ መንገደኛው መምጣታቸውንም መሄዳቸውንም የሚያውቀው በእሷ ነው። ጉሮሮዋ ከመጣራት ብዛት ሻክሯል። ስታንሾካሹክ እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል።

«አንቺን ነው ዝም በይ ብለው ደን የሚያስገቡ?» አሉ እትዬ ሶልያና፣ እጣው የወጣ ዕለት ደረጃው ላይ አግኝተዋት። «ዓሣን ሳትዋኝ ተሻገሪ እንደማለት ነው እኮ።»

እትዬ ሶልያና የፊት ለፊት ጎረቤቷ ናቸው። ሰባን ተሻግረዋል፤ ምላሳቸው ግን አብሯቸው አላረጀም። ከህንጻው ሰው ሁሉ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ እጣው ሲወጣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ይቀመጣሉ፣ በየዓመቱ ስማቸው ሳይጠራ ብድግ ብለው ይሄዳሉ።

«ለእርስዎ በወጣልዎ ደስ ባለኝ» አለች ሜላት። ከልቧ ነበር።

«ተይው። የሚመጣው ዓመት የኔ ነው፣ ይህ ጉልበት ከጠበቀኝ።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ብቻ አደራ አፍሽን። አንድ ጎብኚ አንድ ቃል ከተነፈሰ ህንጻው በሙሉ አሥር ዓመት ከእጣ ይወጣል። አሥር ዓመት ደግሞ እኔ ኪሴ ውስጥ የለም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ጋሽ ወፍ ነገረኝም መልእክት እንዳያስይዙሽ።»

ሜላት ፈገግ ለማለት ሞከረችና ተወችው።

«ወፍ ነገረኝ» የሚባሉት አባቷ ናቸው። አቶ ይታገሱ ደኑ ከመዘጋቱ በፊት በአፋፉ ሥር ባለች መንደር ማር ቆራጭ ነበሩ። መንደሩ ተነሥቶ ጠባሴ ሲሰፍር ሜላት ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በለቅሶ ድንኳን፣ በዕድር ስብሰባ፣ ሊፍት ሲጠብቁም አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። በዚያ ደን አንዲት ወፍ ነበረች። ማር መሪ ትባላለች። የሰው እግር ቅጠል ላይ ኮሽ ሲል ከሰማች ትመጣና ፊት ለፊቱ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠራዋለች። ሲከተላት ወደ ፊት ትበራለች፤ ሲዘገይ ተመልሳ ትወቅሰዋለች። ንቡ ያለበት ግንድ ዘንድ ስትደርስ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ደርሰሃል ማለት ነው። ሰውየው በጭስ ንቡን ገለል አድርጎ ማሩን ይቆርጣል፣ ከሰፈፉና ከንቡ እጭ በቅጠል አድርጎ ለእሷ ይተውላታል። ድርሻዋን የነፈጋትን ሰው በሌላ ቀን ነብር ከተኛበት ወስዳ ታቆመዋለች።

«ድምፅዋስ እንዴት ያለ ነው?» ሲባሉ ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ ያወጣሉ። ክብሪት ከአገሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆች ለምን ይጠቅም እንደነበር እንኳ አያውቁም። ሽማግሌው ቀፎው ውስጥ ጥቂት እንጨቶች አስቀርተዋል። ወደ ጠያቂው ጆሮ አስጠግተው ይነቀንቁታል፤ ጭክ ጭክ ጭክ ጭክ። «ይኸው፣ እንዲህ ነው የምትለው።»

ሰው ይስቃል። ደኑን የሚጠብቀው የዕረፍት ጽሕፈት ቤትም አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር። ወፏ ስልሳ አንድ ቁጥር ተሰጥቷት በደኑ እንደምትኖር፣ ጆሮዎቹ ግን ደኑ ከተዘጋበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥሪ አንዴም እንዳልሰሙ በትሕትና መለሰ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሜላት ትምህርት ቤት እያለች «የወፍ ነገረኝ ልጅ» ነበር የምትባለው። ስታድግ ደግሞ ከመደባደብ ወደ ዝምታ ተሻገረች።

አሁን አቶ ይታገሱ አልጋ ይዘዋል። ትራሳቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚተኙት። ሀምሳ ዓመት ጠዋት ጠዋት ያንን ጭክ ጭክ ጠብቀዋል። አልመጣም።

«አባዬ፣ ነገ ወደ ደኑ በር መሄዴ ነው» አለቻቸው።

«አፏጪላት የምልሽ መስሎሻል።»

«ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ።»

«አልልሽም። ደንብ ይከበራል። ውሃውን እየጠጣነው አይደለም እንዴ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለሶልያና እንዳታወሪ፤ በሳቅ ትሞትና ዕዳዋ በእኔ ይሆናል። አሁን አሁን እኔ ራሴ መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

«ምኑን?»

«ወፏን። ያየኋት ናት ወይስ ያለምኳት? ሰው ዕድሜ ልኩን ዋሸህ ሲባል፣ መጨረሻ ላይ ምስክሩ ራሱ ይጠፋበታል።» እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ። «ውሸታም ተብዬ መሞቱ አይደለም የከበደኝ። ያን ጊዜ አንድ ፍጥረት አምኖኝ ከፊቴ ይሄድ ነበር። እሱ እንዳልነበረ ሆኖ መሄዱ ነው የከበደኝ። ዝም ብለሽ ስሚልኝ። ካለች አለች በይኝ። ከሌለች የለችም በይኝ፤ አታባብይኝ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

ከመግባት በፊት ማጣሪያ አለ። ሰው «ሱባኤ» ይለዋል። ጎብኚው ከደኑ በር አጠገብ ባለ ቤት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ሽንኩርት የለም፣ ቅመም የለም፣ ሳሙናና ቅባት የለም። ንግግሩ በየቀኑ ይቀነሳል፤ መጀመሪያ ወደ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ወደ እጅ ምልክት። ሳል በእጅጌ እንዴት እንደሚዋጥ ያስተምራሉ። ሜላት ተኝታ ሳለ «የቀረ መንገደኛ!» ብላ በመጮኋ አንድ ቀን ተጨመረባት።

አብሯት የሚገባው ሰው ኖላዊ ይባላል፤ የዕረፍት ጠባቂ ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲራመድ ወለሉ የማያውቅበት ሰው።

«እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ቆዩ?» ስትል ጠየቀችው፣ ገና መናገር ሳይከለከል።

«ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ነው።»

«እንግዲያው ደኑ ያውቅዎታል።»

ኖላዊ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ወስዶ አሰበበት። «አያውቀኝም። ሥራዬን በደንብ ስሠራ ነው የማያውቀኝ።»

በመግቢያዋ ጠዋት ካባ አለበሳት። ግራጫ ነው፤ የሰው ጠረን አያሳልፍም፣ ቆቡ እስከ አፍንጫ ይወርዳል፣ ኪስ የለውም። እግሯ ላይ «ጥጥ እግር» የሚሉትን ጫማ አጠለቁላት፤ የረገጠውን ሁሉ ኮሽታ ይውጣል። በእጅ አንጓዋ ላይ ጠጠር የምታህል መብራት አሰሩላት። አረንጓዴ ከሆነች ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነች ኮሽታ ተሰምቷል። ቀይ ከሆነች የሰው ቃል ተሰምቷል። ጠባቂ ለተናገረው ጠባቂው ይጠየቃል፣ ጎብኚ ለተናገረው ህንጻው።

በሩ ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተቀርጿል። ከሥሩ አልፈው ገቡ።

ሜላት ደንን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ግድግዳው ግን ቁመት አይናገርም። ዛፎቹ ከጉሙ በላይ የት እንደሚያልቁ አይታይም። ጥዱ፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ሁሉም ሽበት አውጥቷል፤ ረጅም ግራጫ ሽበት ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል። የወደቀ ግንድ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሏል፣ ያም አርጅቶ ዘምሟል፣ እላዩ ላይ ሦስተኛው ቆሟል። ብርሃኑ ከላይ እየተጣራ መሬት ሲደርስ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ችሎ በእጣ ያከፋፍለዋል ብላ አሰበች።

አንድ ነገር ግን ሰውነቷን ቀፈፋት። ደኑ አያያቸውም። ድኩላ በአጠገባቸው ሣር እየነጨ አለፈ፤ ዓይኑ በካባዋ ላይ አልፎ ከኋላዋ ባለው ቁጥቋጦ አረፈ። ጉሬዛዎች ከራሳቸው በላይ ልጆቻቸውን አቅፈው ተሻገሩ፣ አንዱም ወደ ታች አላለም። ሞቶ የተቀበረ ሰው ቤቱን ሊያይ ተመልሶ ቢመጣ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ አለ፣ ሰዎቹ አሉ፣ ቀና ብሎ «ግባ» የሚለው የለም።

ጆሮዋን ጣለች። አርባ ሁለትን ሰማች። ሌሎቹንም በቁጥር አወቀቻቸው። ጭክ ጭክ የሚል የለም።

ከእኩለ ቀን በኋላ መንገዱ ወደሚታጠፍበት ደረሱ። እዚያ አንድ ዝግባ ቆሟል።

ኖላዊ በእጁ «እይ» የሚለውን ምልክት አሳያት። አላስፈለጋትም። ግንዱ ሰባተኛው ህንጻ ላይ ካለው ቤቷ ይሰፋል። ሥሩ እንደ ተኛ ከብት ጀርባ ከመሬት ተነሥቶ ይወርዳል። ጉሙ ከላይኛው ቅጠል እየጠለለ በግንዱ ዙሪያ ይንጠባጠባል፤ ከዝግባው ጥላ ውጭ ዝናብ የለም፣ ከሥሩ ብቻ ይዘንባል። የራሱን ዝናብ የሚያዘንብ ዛፍ ነው። ማን ተክሎት ይሆን የሚለው ጥያቄ መጣባትና አፈረችበት።

ሰው ደጀ ሰላም ሲደርስ ጫማዬን ላውልቅ ብሎ አይመክርም። እግሩ ራሱ ያወልቃል። ሜላት ጎንበስ ብላ ጥጥ እግሩን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አደረገችው፣ ቀና ብላ አማተበች። ቆቡ ወደ ኋላ ሸሸና ፊቷ ገለጥ አለ። ከዚያ ለመሳለም ወደ ፊት ተራመደች።

ኮሽ።

ኖላዊ ዞረ። መብራቷ ቢጫ ሆኗል። ወደ እግሮቿ አየ፣ ዓይኖቹ ፈጠጡ፣ «መልሺው፣ መልሺው» በሚል እጁን አርገበገበ። ሜላት ያደረገችውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ደንግጣ ወደ ጫማው ስትመለስ ደረቅ ጭራሮ ረገጠች። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ቀጭ።

ከሩቅ የሆነ ነገር መለሰላት።

ጭክ ጭክ ጭክ ጭክ።

እጇ ወደ ጎኗ ሄደ። የአባቷ ቀፎ ኪሷ ውስጥ ሆኖ የተነቀነቀ መስሏት ነበር። ካባው ኪስ የለውም። ድምፁ ቀረበ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ አንዱ ዘለለ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ወፍ አረፈች። መልኳ አይነገርም፤ ግራጫ፣ ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ የምትል ተራ ወፍ። ክንፏን አራገበች፣ ጭራዋን ዘርግታ ዳርና ዳሩን ነጭ አሳየች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሜላትን በአንድ ዓይኗ አየቻት።

ከበሩ ከገቡ ወዲህ ያያቸው የመጀመሪያው ፍጥረት ነው።

ጭክ ጭክ ጭክ አለች። በረረች፣ ትንሽ ራቅ ብላ አረፈች፣ ዞር ብላ ጠበቀች። ማንም አልተነቃነቀም። ተመልሳ መጣችና ከበፊቱ ፈጥና፣ ቁጣ በሚመስል ድምፅ ጠራች።

ኖላዊ የቆመበት ቀርቷል። ምልክት ሊያሳያት እጁን አነሣ፤ ለዚህ የሚሆን ምልክት ግን በማጣሪያ ቤት አልተማሩም። «ቁም»፣ «ና»፣ «አደጋ»፣ «ተመልከት» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ወፏ ምን እያለች ነው የሚል የለም። ሜላት «ና» የሚለውን አሳየችውና ወደ ወፏ ጠቆመች። አልገባውም። እጁ ወደቀ።

«ምን እያለች ነው?» አለ።

የሁለቱም መብራት ቀይ ሆነ። ኖላዊ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ይመስል ዘወር ብሎ ተመለከተ። የወጣው ከራሱ አፍ ነው። ከላይ ጉሬዛዎቹ ጸጥ አሉ።

ያ ቃል የኖላዊ ነው፤ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ሜላት እስካሁን አልተናገረችም። ጫማዋን አድርጋ፣ ቆቧን ጎትታ መመለስ ትችላለች። አባቷ ስሚ ነው ያሏት፣ ሰምታለች። አለች ትላቸዋለች። እትዬ ሶልያናም ለሚመጣው ዓመት ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ሁሉ ነገር በቦታው ነው።

ወፏ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሳ ጠራች።

ሜላት አንድ ነገር ታውቃለች። መናኸሪያው ባዶ በሚሆንበት ጠዋት ድምፅ ማጉያው ፊት ተቀምጦ «የቀረ መንገደኛ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ድምፅሽ ከግድግዳ ግድግዳ ሄዶ ብቻውን ሲመለስ ታውቀዋለች። ያኔ ከአምዱ ጀርባ አንድ ሰው ብቅ ብሎ እጁን ሲያነሣ ልብ እንዴት እንደሚሞላም ታውቃለች።

«መጣሁ» አለች።

በዚያ ሦስተኛ ፎቅ በሚሰማ ጉሮሮዋ ነው ያለችው። ወፏ ወዲያው በረረች።

በባዶ እግሯ ከመንገዱ ወጣች። ኖላዊ «እትዬ» አለ፣ ሌላ የሚለው አጣና ተከተላት። ወፏ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ሲያዘግሙ ተመልሳ ትጮህባቸዋለች።

«ተቆጣች» አለ ኖላዊ እያለከለከ።

«ቀርፋፋ ስለሆንን ነው። አባቴንም ትሰድባቸው ነበር።»

«አባትዎ?»

«ማር ቆራጭ ነበሩ። እዚህ።»

ጅረት ተሻገሩ፣ ቁልቁል ወረዱ፣ በሽበቱ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ። ከዚያ ጥሪው ቆመ። ወፏ በአንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዝም ብላለች። ሜላት እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ኖላዊን አቆመችው። ሲያዳምጡ ከግንዱ ስንጥቅ ውስጥ የሚመጣው ድምፅ ቀስ እያለ ተለየ። ጥንታዊ የሆነ፣ ረጋ ያለ እምምታ ነው፤ ከተዘጋ ቤተ መቅደስ በስተውጭ ቆመው እንደሚሰሙት ቅዳሴ። ንቦቹ በስንጥቁ አፍ ላይ እንደ ወርቅ ውሃ ይፈስሳሉ።

ኖላዊ ቆቡን ከራሱ ላይ አወረደ።

«አሁንስ ምን ይደረጋል?»

«አሁን ድርሻዋ ነው።»

«የምን ድርሻ?»

«የመምራቷ።»

መጥረቢያ የላቸውም፣ ጭስ የላቸውም፣ ቅጠል የማንሣት ፈቃድ እንኳ የላቸውም። ወፏ የበኩሏን ጨርሳ ከላይ ትጠብቃለች። ሜላት በግንዱ ሥር በጉልበቷ ተንበርክካ ቅጠሉን በጣቷ መነጠረች። ከስንጥቁ የወደቀ አሮጌ ሰፈፍ አገኘች፤ ጥቁር፣ የመዳፍ ያህል፣ ግማሹ አፈር ሆኗል። አፈሩን በካባዋ ጠረገችው። ሰፊ ቅጠል ላይ አስቀምጣ በኮሶው ዝቅተኛ ባላ ላይ አኖረችው። ከዚያ ኖላዊን በእጅጌው ይዛ ወደ ኋላ ሸሹ።

ወፏ ወረደች። ሰፈፉን ወዲህ ወዲያ አገላበጠችው። መጉረስ ጀመረች።

«አየችን እኮ» አለ ኖላዊ በሹክሹክታ።

ምርመራው በበሩ አጠገብ ባለው ቤት ነበር። የዕረፍት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ወንበር ሰጧት፣ ሙቅ ውሃ ሰጧት፣ እግሯ ላይ ያለውን ጭረት በጥጥ ጠረጉላት። ከዚያ ጠየቋት። ከዚህ በፊት ወደ ደኑ ሾልካ ገብታ ታውቃለች? አታውቅም። ወፏን ከሰው ጋር ያለማመደ ታውቃለች? አታውቅም። አብሯት የገባ ምግብ ነበር? አልነበረም። እንግዲያው ወፏን ማን አስተማራት?

«እኔ እናንተን ነበር የምጠይቀው» አለች ሜላት።

ከጠረጴዛው ዳር የተቀመጠች የወፍ ባለሙያ ነበረች። እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። «ይህች ወፍ በሌላ ወፍ ጎጆ ነው የምትፈለፈል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ባዳ ነው የሚያሳድጋት። እናቷን አታውቅም። ዕድሜዋም አጭር ነው፤ ዛሬ በደኑ ካሉት ሰው ሲራመድ የሰማች የለችም፣ የእናታቸውም እናት አልሰማችም።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አገጣጠመች። «ማንም አልነገራትም ማለት ነው።»

 

ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ሰባተኛው ህንጻ አሥር ዓመት ከእጣ ወጥቷል። ኖላዊ ከደን ጥበቃ ተነሥቶ ወደ ውሃ መሳቢያው ተዛውሯል። ኖላዊ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሲሰነባበቱ «ቢያንስ አሁን ደኑ ያውቀኛል» አላት።

ጠባሴ የደረሰችው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ወሬው ቀድሟታል። ደረጃው ላይ የተቀመጡ ጎረቤቶች መንገድ ለቀቁላት፤ «ደኑ እንዴት አደረ?» ያላት ሰው አልነበረም። የአባቷ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል።

ጭክ ጭክ ጭክ ጭክ።

እትዬ ሶልያና ከአልጋው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የክብሪት ቀፎው በእጃቸው ነው። ሜላትን ሲያዩ መነቅነቁን ተዉት፣ አላስቀመጡትም።

«ጠዋት በግድግዳው መጣ» አሉ። «የሰው ቃል ያለበትን ቆርጠው ይጥሉታል አሉ። ከቃሉ በፊት ያለውን ግን እንዳለ ለቀቁት። መጀመሪያ ኮሽ የሚል ነገር ነበር። ከዚያ ይኼ።» ቀፎውን ከፍ አድርገው አሳዩአት። «ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ ነው የመጣሁ፣ ልክ መሆኑን ላስተያየው።»

«ልክ ነው ወይ?»

«ቁርጥ ነው።» ቀፎውን ጨበጥ አደረጉት። «አሥር ዓመት ወሰድሽብኝ።»

«ወሰድኩብዎ።»

«ይቅርታ በይኝ አልልሽም፣ ስለማልቀበልሽ።»

«አልልዎትም፣ እትዬ።»

 እትዬ ሶልያና በእግራቸው ሌላኛውን በርጩማ ወደ እሷ ገፉት። «በይ እንግዲህ ቁጭ በይ። ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ። አንዲት ቅጠል እንዳታስቀሪብኝ።»

ሜላት ተቀመጠች። አፏን ልትከፍት ስትል ከአልጋው ላይ እጅ ተነሣ።

አቶ ይታገሱ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ነበር። «አለች ወይ» ይሉኛል ብላ ጠበቀች። እሱን አልጠየቁም፤ እሱን ግድግዳው ነግሯቸዋል።

«ድርሻዋንስ?» አሉ።

«ሰጥቻታለሁ፣ አባዬ።»

«በላች?»

«ቆሜ አይቻታለሁ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ፣ ለማን እንደሚናገሩ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያ በክርናቸው ተደግፈው፣ እትዬ ሶልያና ትከሻቸውን ይዘውላቸው፣ ፊታቸውን ከግድግዳው አዞሩ።